በባቄላው ማሳ የዞረው መንገድ

ማክሰኞ

ከአየር ጤና መናኸሪያ የተነሣነው ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» እያለ አራት ሰው ከጫነ በኋላ ነው። ይህን የማነሣው ረዳቱን ለማማት ሳይሆን በምን ዓይነት መንፈስ መንገድ እንደጀመርኩ እንድታውቁልኝ ነው። እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ እቀመጣለሁ፤ ሐኪም «ምንም የለብሽም» ሲለኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። እናቴ «አንቺን የሚያታልል ገና አልተወለደም» ትለኝ ነበር፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የሄድኩት ለሥራ ነው። በወጣትነቴ ለአንድ ክለብ ረጅም ርቀት ሮጫለሁ። ውድድር ካቆምኩ ወዲህ ደግሞ አስጎብኚ ለሆነ ጓደኛዬ የሩጫ መንገድ እየዞርኩ እፈልግለታለሁ። አስፋልት የሰለቻቸው ሯጮች አሉ፤ በተራራ ላይ፣ ከብትና ሰው በሚሄድበት ቀጭን መንገድ መሮጥ ይፈልጋሉ። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ሰው ሄዶ ማየት አለበት፦ ዳገቱ የት ይብሳል፣ ጭቃው የት ይይዛል፣ ውሻው የማን ነው። ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ተጠራጣሪ አልተገኘም። የአሁኑ መንደር ከሆሳዕና አልፎ፣ ከአንጋጫ በላይ፣ በአምበሪቾ ተራራ ወገብ ላይ ያለ የከምባታ መንደር ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። ምክንያቱን ስንደርስበት ትረዱኛላችሁ።

ቡታጅራን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቆሎ ዘረጉልኝ። ሆሳዕና ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጉራጌ ናቸው። «አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳቸው። «የእንቅልፍ መድኃኒት የለበትም» አሉኝ እየሳቁ። አፍሬ አንድ ጭብጥ ወሰድኩ፤ እሳቸው ቀድመው እስኪቅሙ ግን ጠበቅኩ።

ሆሳዕና ስንገባ የፎቁ ብዛት ገረመኝ። ከአዲስ አበባ ወጣ ያለ ከተማ ሁሉ አንድ አስፋልትና ግራና ቀኙ ሱቅ ብቻ ይመስለኛል፤ እዚህ ግን መስታወት የለበሰ ሕንፃ በየማዕዘኑ ቆሟል። «ማን ነው የሚሠራው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጆቹ ናቸዋ» አሉኝ። «እነሱ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ይጠብቃሉ፣ እዚህ ፎቅ ይቆማል። በዚህ አካባቢ እዚያ ሰው የሌለው ቤት ፈልገሽ አታገኚም።» ስንለያይ የሱቃቸውን ቦታ አሳዩኝና የቸገረኝ ነገር ካለ እንድመጣ ነገሩኝ።

ያደርኩበት ሆቴል ንጹሕ ነበር፤ ንጹሕነቱም አጠራጠረኝ። የበሩ መቀርቀሪያ ሲነካ ይወዛወዛል። ወንበር ደገፍኩበት፣ ሻንጣዬን ወንበሩ ላይ ጫንኩና ተኛሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብርድ ልብስ ተከናንበው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። ለካ ቁልፉን በውጭ በኩል በሩ ላይ ሰክቼው ነው የገባሁት። «ነቅዬ ልውሰደው ብል ስታጪው ትደነግጫለሽ፤ ትቼው ልሂድ ብል ሌላ ሰው ያየዋል» አሉኝ። ስለዚህ እዚያው ተቀምጠው አነጉ። እጅ ነሥቼ አመሰገንኳቸው። ተመልሼ ግን ሻንጣዬን ፈተሽኩ፤ ምንም አልጎደለም።

ረቡዕ

አንጋጫ መናኸሪያ የተቀበለኝ መምህር ጴጥሮስ ነው። የጓደኛዬ የኮሌጅ ወዳጅ ነው፤ በመንደሩ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል፤ የምጠለለውም እሱ ቤት ነው። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። መሬት የሚያይ ሰው ደግሞ እኔ ጋ ነጥብ ያጎድላል።

ከአንጋጫ ወደ ላይ በእግር ሄድን። ጥቅምት ስለነበር ዝናቡ አቁሟል፤ ጭቃው ግን በዛፍ ጥላ ሥር ገና አልደረቀም። እኛ እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፍ ሌላ የምናየው የለንም። እዚህ ቤቱ ሁሉ ጀርባውን ለእንሰት ሰጥቶ፣ ፊት ለፊቱ ከብት የላጨው አረንጓዴ መስክ ዘርግቶ ተቀምጧል። አየሩን ስቤ «እዚህ እንኳ ሳንባ ይጠገናል» አልኩ ለራሴ።

የከበደኝ ሰላምታው ነው። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤቴን ስም ያወቅኩት በመብራት ቆጣሪው ላይ ተጽፎ አይቼ ነው። እዚህ በሰው ደጅ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ይቆማል፤ የቤቱ ሰው ደኅንነት ይጠየቃል፣ የከብቱ፣ የልጆቹ፣ ከዚያም በስሙ እየተጠራ የሩቁ ልጅ። ጴጥሮስ በየደጁ ቆሞ ሲጠይቅ እኔ ዳገቱ ላይ ላቤ እየደረቀ ብርድ ይመታኝ ጀመር።

መንደሩ አፋፍ ስንደርስ ቆመና «እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ። «መንደሩ ውስጥ አትሩጪ። በእርምጃ ሂጂ። ከመንደሩ ከወጣሽ በኋላ እንደፈለግሽ።»

«ለምን?»

«ሰው ይደነግጣል።»

ሯጭ አይቶ የሚደነግጥ ኢትዮጵያዊ አለ ብሎ ሊያሳምነኝ ነው። ነገር ሸተተኝ፤ ግን እንግዳ ነኝና «እሺ» አልኩ።

ሚስቱ አማረች ሰፊ ሴት ናት፤ ልቧም ገላዋም። ገና እግሬን ሳልታጠብ ቆጮ በአይብና በቅቤ አቀረበችልኝ። ረቡዕ መሆኑን፣ እኔ ጾመኛ መሆኔን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ለእነሱ እንደማንኛውም ቀን ነው። ሳህኑን አንሥታ ሄደች፤ እሳቱን እንደገና ጫረች፤ ጎመንና ድንች በዘይት ሠርታ እስክትመለስ ድረስ ባልዬው ከእኔ ጋር ሳይበላ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ማሰሮው ቅቤ ነክቶት እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። «በሌላ ማሰሮ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

ከእራት በኋላ ስልኬን አውጥቼ የሳተላይቱን ካርታ አሳየኋቸው። ከመንደሩ በላይ ካለው የዋንዛ ዛፍ ተነሥቶ፣ በሸንተረሩ ጠርዝ ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣ አንድ ቆንጆ መንገድ አለ። እንዲህ ያለ መንገድ ሯጭ በሕልሙ ነው የሚያየው። «ነገ በዚህ ነው የምሮጠው» አልኩ። አማረች ሰሃን ስትጠርግ የነበረው እጇ ቆመ። ባልና ሚስት በከምባትኛ ጥቂት ተነጋገሩ።

«ያ መንገድ ጭቃ ነው» አለ ጴጥሮስ። «አሁን ሰው አይሄድበትም።»

ተኝቼ ያሰብኩት ይህን ነው፦ ጸሐይ ቀኑን ሙሉ የሚመታው ጠርዝ እንዴት ጭቃ ይሆናል?

ሐሙስ

ጠዋት ጴጥሮስ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። በመንደሩ መሀል ቃሌን ጠብቄ በእርምጃ ሄድኩ። እንደዚያም ሆኖ የስፖርት ልብሴን ያዩ ሴቶች ከደጃቸው ወጥተው ጴጥሮስን በዓይናቸው ይጠይቁታል፤ እሱ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅላቸው ትከሻቸው ይወርዳል። ይህንን ምልክት መንገዱን ሙሉ አየሁት። እንግዳን በዓይን እየተቀባበለ የሚጠብቅ መንደር ገጥሞኝ አያውቅም።

ዋንዛው ጋ ስንደርስ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መሬት ማንበብ ሥራዬ ነው። የዋንዛው መንገድ ለዓመታት ተረግጦ እንደ ሸክላ የጠነከረ ነው፤ ጭቃ የሚባል ጠብታ የለበትም። ግን መሀሉ ላይ አዲስ ሣር ጫፉን ማውጣት ጀምሯል፤ ማለት ከሰሞኑ እግር አልነካውም። ከዚያው ከዋንዛው ሥር ደግሞ ወደ ግራ ሌላ መንገድ ተከፍቷል፤ በባቄላ ማሳ መሀል። እሸት ገና ያልያዘ፣ አበባው ያልረገፈ ባቄላ ተረግጦ ተኝቷል። አፈሩ ትኩስ ነው። መንገዱ ማሳውን ለሁለት ከፍሎ፣ አንድ ግቢን ከሩቅ ዞሮ፣ ከላይ ከድሮው መንገድ ጋር ይገናኛል።

የማሳው ባለቤት ዳር ላይ ቆመው ነበር። ጋሽ ወንድሙ ይባላሉ፤ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ባቄላቸውን እየረገጥን ስናልፍ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ባርኔጣቸውን አንሥተው «እለፉ፣ እለፉ» አሉን። እኛ ሰፈር አንድ ሰው አጥሩን በክንድ ያህል ገፋ በማድረጉ ጎረቤታሞች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። የገዛ ሰብሉን ለመንገደኛ የሚያስረግጥ ገበሬ ግን ሰምቼም አላውቅ።

ሩጫው ግሩም ነበር። ከባሕር ዛፉ በላይ ሣሩ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ዳገቱ ትንፋሽ ይጠይቃል እንጂ እግር አይሰብርም። ከላይ ሆኖ ሲታይ አንጋጫ እንደተበተነ ቆርቆሮ ታበራለች። ጴጥሮስ ከእኔ ቢያንስም ያለከልካል፤ ስፖርት አስተማሪ መሆኑን እያነሣሁ አበሸቅኩት፤ ሳቀ። ያን ጊዜ ወደድኩት። ግን አልረሳሁም። ወደ ታች ሳይ የተዞረው ግቢ ከነእንሰቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አንዲት ሴት ደጃፉን ትጠርጋለች። መንገደኛ የማይረግጠው ደጅ።

ምን ሊሆን ይችላል? አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ መንገዱን ደብቀው በኋላ ቡድኑ ሲመጣ ማስከፈያ ሊያደርጉት ነው። ሌላም መጣልኝ፤ ሴትየዋን አግልለዋታል። ቡዳ ናት ብለው ይሆናል፣ ወይም ከጸሎት ቤት አባረዋታል። ሁለተኛው ሐሳብ አናደደኝ። አንዲት ብቸኛ ሴት ላይ የተባበረ መንደር ልደግስለት የመጣሁት ቱሪስት አይገባውም።

እራት ላይ አልቻልኩም። «መምህር፣ እውነቱን ካልነገርከኝ ነገ ሻንጣዬን ይዤ እወርዳለሁ፤ ለጓደኛዬም ይህ መንደር አይሆንም እለዋለሁ» አልኩት። «ያቺ ሴት ምን ብታደርጋችሁ ነው ደጇን የዘጋችሁት?»

አማረች አለቀሰች። ድምፅ የሌለው ለቅሶ፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ።

«የማርቆስ እናት ናቸው» አለ ጴጥሮስ። «ማርቆስ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሌቦች ገብተው ገደሉት። ባለፈው ሳምንት አብሮት የሚኖር ልጅ ደውሎ ነገረን። እዚያው ቀበሩት። እናቱ አልሰሙም።»

«ለምን አትነግሯቸውም?»

«ባላቸው በሕይወት የሉም። ደም ግፊት አለባቸው። ሴት ልጃቸው አርባ ምንጭ ናት፤ አራስ ነች፤ እስክትጠነክር ጠበቅን። ነገ ትገባለች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ የሥጋ ዘመዳቸው አጠገባቸው ሆኖ፣ እኛም ሁላችን ሆነን እንነግራቸዋለን። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «በደጃቸው ካለፍን መቆም አለብን። ከቆምን 'ማርቆስ እንዴት ነው' ማለት አለብን። ማን አፉ ይታዘዝለታል? ሳንጠይቅ ብናልፍ ደግሞ ይነቃሉ። ጋሽ ወንድሙ ባቄላቸውን የከፈቱልን ለዚህ ነው። አንቺንም አትሩጪ ያልኩሽ ሰው እየሮጠ ሲመጣ ሁሉም መርዶው በሌላ ሰው አፍ ለእሳቸው የደረሰ ስለሚመስለው ነው።»

ያስቀመጥኩት ቁጣ ሁሉ ፊቴ ላይ ተቃጠለ። ቅዳሜ እስኪያልፍ ወደዚያ ግቢ እንደማልጠጋ ቃል ገባሁ።

ዓርብ

ጴጥሮስ ማስተማር ስለነበረበት ብቻዬን ወጣሁ። ከመንደሩ ማዶ ባለው ወገን፣ ከዚያ ግቢ ርቄ፣ የተራራውን ጀርባ ልዞር ነው ያቀድኩት። ዞሬ ስመለስ ጉም ወረደ። አዲስ አበባ ጉም ማለት ከመኪና መብራት ፊት የሚያልፍ ጭስ ነው። የዚህ አገር ጉም የዘረጋሽውን እጅ ይወስድብሻል። መንገድ የሚመራኝ የእጅ ሰዓቴም ማሳየቱን አቆመ። ቁልቁለቱን ተከትዬ ወረድኩ፤ እግሬ ጠንካራ መሬት አገኘ፤ ተመችቶኝ ፍጥነት ጨመርኩ። እንሰት ፊቴ ላይ ብቅ ሲል ነው የት እንዳለሁ የገባኝ። በድሮው መንገድ ከላይ መጥቼ ደጃቸው ላይ ወድቄያለሁ።

ሴትየዋ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ወጡ። «ምንድን ነው? ምን ሆነ?»

«ምንም የለም እናቴ፣ ምንም የለም» አልኩ እያለከለክሁ። «ለጤና ነው የምሮጠው። ጉም መንገድ አሳተኝ።»

እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ። የስልሳ ዓመት ያህል ሴት ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የማይቸኩል። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ጫማዬን፣ ሰዓቴን፣ አንገቴን። «የጴጥሮስ እንግዳ ነሽ። ግቢ፤ ላብሽ ሳይደርቅ ብርድ ላይ አትቁሚ» አሉኝ።

መሮጥ ነበረብኝ። ግን እምቢ ብል ከመንደሩ ሁሉ ጋር ልደመር ነው፤ በዚህ ሳምንት ደጃቸውን የረገጠ ሰው የለም። ገባሁ። በረጅም ብርጭቆ አሬራ ሰጡኝ። ብርጭቆውን ስቀበል ዓርብ መሆኑ ትዝ ብሎኛል። «ጾም ነው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀን፣ ለዚያች ሴት «አልፈልግም» ማለት አልሆነልኝም። እስከ ታች ጠጣሁት።

ስለ ሩጫው ጠየቁኝ። መንገድ እየፈለግኩ መሆኔን፣ ሰዎች እንደሚመጡ ነገርኳቸው። የሚሰሙኝ ይመስላሉ፤ ግን ባዶውን ብርጭቆ ነው የሚያዩት።

«ማተብ አለሽ» አሉኝ።

እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ሄደ።

«ዛሬ ዓርብ ነው። ቅቤ ሊገዙ የሚመጡ ነጋዴዎች አሉ፣ ማተብ ያላቸው። ዓርብ አሬራ ስሰጣቸው 'ጾም ነው እናቴ' ይሉኛል፤ እኔም አይከፋኝም። አንቺ ዝም ብለሽ ጠጣሽ። የማታውቂኝን ሴት ለምን እንዲህ ታዝኚልኛለሽ?»

እኔ፣ የሰው ውሸት ከሩቅ የምለይ ሴት፣ አንድ ውሸት ፈልጌ አጣሁ። «ጠምቶኝ ነው» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

«ስልኬን ወሰዱብኝ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመሬቱ እንደሚናገሩ። «ድምፁ ይቆራረጣል፣ አንጋጫ ይሠራል አሉ። አልተመለሰም። ወንድሙ የሚያፈራ ባቄላውን አስረገጠ። ይሄ ሁሉ ይሁን። ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ የማርቆስ እናት ብሎ ነው። ባሌም፣ ጎረቤቴም፣ ፓስተሩም። ባለፈው እሑድ ከጸሎት ስንወጣ አማረች 'እትዬ በላይነሽ፣ እንዴት ነዎት' አለችኝ። ስሜን ማወቋንም አላውቅም ነበር። ከእሷ በኋላ ሌላዋም እንደዚያው። ማርቆስ ማለት አፋቸው አልቻለም።»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። «እናቴ፣ እኔ...»

«አትንገሪኝ» አሉኝ፤ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጭነው፤ ቆጣ ብለው። «የአንቺ አይደለም። የሚነግሩኝ አሉ። ነገ ነው?»

ጫማዬን አየሁ።

«እንግዲያው ቅጠል መቁረጥ አለብኝ» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው እርጥብ መሬት ላይ ሊቀመጥ ነው?» የእንሰት ቅጠል ማለታቸው ነው፤ እንግዳ ሲበዛ እሱን እያነጠፉ ነው የሚያስቀምጡት። ተነሥተው ቢላዋቸውን ከማገሩ መዘዙ። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ፈተሹ። «እንደማውቅ አትንገሪያቸው። ለእኔ ብለው ነው የደከሙት። እንዳሰቡት ያድርጉት።»

እሺ አልኳቸው። በደጃቸው ወጥቼ፣ ከዓይናቸው እስክርቅ በእርምጃ ሄጄ፣ ከዚያ ባቄላው መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የራሴ ሰው የሞተብኝ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

«የት ቆየሽ?» አለኝ ጴጥሮስ ማታ። ጉም እንደያዘኝ ነገርኩት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማርቆስ እህት አራስ ልጇን ታቅፋ፣ ከዱራሜ የመጡ አጎቷ ተከትለዋት ገቡ። የእናቷ ቤት እያለ በሰው ቤት ተደብቃ ማደሯ አሳፍሯት ይሁን፣ ሐዘኑ አንገቷን ሰብሮት ይሁን፣ ከማንም ጋር ዓይን አልገጠመችም። አልጋዬን ለቀቅኩላት።

ቅዳሜ

ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ወጣን። ከየቤቱ ሰው እየወጣ ይቀላቀለናል፤ የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው። ዋንዛው ጋ ስንደርስ ሕዝቡ ወደ ባቄላው አልታጠፈም። በድሮው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ጫማዬን አራሰው።

የግቢው በር ተከፍቷል። የማርቆስ እናት ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጸጉራቸውን በሻሽ አስረው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። የእንሰቱ ቅጠል በግቢው ሙሉ ተነጥፏል። ሰዉ ሁሉ ቆመ። አንዱ አንዱን አየ።

እንዲናገሩ የተመረጡት ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ፊት ወጡ። «እግዚአብሔር...» አሉ። ቆሙ። እንደገና «እግዚአብሔር የሰጠው...» አሉና ከንፈራቸው እምቢ አላቸው። ማርቆስን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው እየጨመቁ ቆመው ቀሩ።

«ተናገር ወንድሙ» አሉ እናትየው፤ ልጅን እንደሚያደፋፍሩ በለሰለሰ ድምፅ። «ማርቆስ ነው?»

ጋሽ ወንድሙ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እናትየው የጮኹት ያን ጊዜ ነው። የጠበቁት ነገር ነው ብዬ ነበር፤ ቅጠሉን የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። ግን ከዚያች ሴት የወጣው ድምፅ ገና አሁን የሰማ ሰው ድምፅ ነው። ሴት ልጃቸው ሮጣ አንገታቸው ላይ ወደቀች፤ አራሱ ልጅ በሁለቱ መሀል ሆኖ አለቀሰ፤ ከዚያ መንደሩ ሙሉ።

ቅጠሉ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። አማረች አጠገቤ ነበረች። ዓይኗን ስትጠርግ ቆይታ እጇ የአንዱን ቅጠል ግንድ አነሣ። የተቆረጠው ጫፍ ጠቁሯል። ዛሬ የተቆረጠ ቅጠል እንዲያ አይጠቁርም፤ እሷ ከእንሰት ጋር ያደገች ሴት ናት። ዞር ብላ አየችኝ። «ትናንት ጉም ያዘኝ ያልሽው የት ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እላይ።»

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም» አልኩ። ቃል አልተነፈስኩም፤ ያ እውነት ነው። ብርጭቆውን ግን ጠጥቻለሁ። አማረች አላመነችኝም። ሌላ ማሰሮ ፈልጋ የጾም ምግብ የሠራችልኝ ሴት፣ ፊቷን ወደ ሌላ ወገን አዞረች፤ እስክሄድም አልመለሰችውም። ሌላ የምላት ነገር ነበረኝ፤ የእኔ ስላልነበር አልተናገርኩትም።

ረፋዱ ላይ ጴጥሮስ ሻንጣዬን ይዞልኝ መጣ። እሱም እንደተነገረው ከአያያዙ አወቅኩ፤ መሸከሙን ተሸክሞልኛል፣ ዓይኑ ግን ወደ መሬት ተመልሷል። ልሰናበት ወደ እናትየው ሄድኩ። ጋሽ ወንድሙ በአንድ ወገን፣ ልጃቸው በሌላ ወገን ደግፈዋቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጉት። ድምፃቸው በጩኸት ተሰንጥቆ አልቋል።

«ጥሩ አድርገው ነገሩኝ፤ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ» አልኳቸው። «በጣም ጥሩ አድርገው ነገሩዎት።»